የግራው የኋላ ጎማ

የወረታ ሾፌሮች ሲቀልዱ ፎገራ ሜዳ ላይ ፍሬን የሚያስፈልገው ለከብት ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ሜዳው የተደላደለ ስለሆነ እግርህን ከነዳጁ ካነሣህ መኪናው ራሱ ሰልችቶት ይቆማል፤ መንገድ የምታቋርጥ ጊደር ካላጋጠመችህ ፔዳሉን ሳትነካ ሐሙሲት ትገባለህ። ቀልዱ የሚያልቀው በደብረ ታቦር በኩል ነው። ከአለምበር ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ይነሣል፤ የወጣ ደግሞ መውረዱ አይቀርም። ሲወርድ ሰው የጫነ ሚኒባስ የሚያቆሙት ጸሎትና ፍሬን ናቸው። ጸሎቱ የተሳፋሪው ድርሻ ነው፤ ፍሬኑ የእንግዳው።

እንግዳው የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ መንገድ በሚገነጠልበት አካባቢ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ አለችው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ ኖሯል ማለት ይቻላል። ሞተር የሚያውቁ ሌሎች አሉ፤ ፍሬን ሲሆን ግን ሰው እሱን ነው የሚጠራው፤ እሱም ይህን ያውቃል፤ ማወቁም ትንሽ ሳያበላሸው አልቀረም።

የዚያን ቀን ጠዋት የአማን ነጭ ሚኒባስ ስትገባ የግራው የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል ርሶ ነበር። አማን ልጅ ሆኖ ከአባቱ ሱቅ ሸሽቶ ሾፌር የሆነ፣ ረጋ ያለ የወረታ ልጅ ነው። አልተቆጣም። ከጎማው ጎን ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ነካ አደረገና የራሰውን ጣቱን ለእንግዳው አሳየው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ይኸው ጎማ እዚሁ ተሠርቶ ነበር። ትናንት ከደብረ ታቦር ሲወርድ ፔዳሉ እግሩ ሥር ሰምጦ ቀረበት፤ በማርሽ አዘግይቶ፣ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር እያታከከ በመከራ አቆማት። ከኋላ ሁለቱ ልጆቹና ሚስቱ ነበሩ። ይህን ሁሉ የተናገረው የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ ነው። እንግዳው ቢሰድበው ይመርጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላ ጎማ ውስጥ እንደ ድስት የተደፋ ብረት አለ፤ ታምቡር ይሉታል። በታምቡሩ ውስጥ ሁለት ሸራዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አውራ ጣት የምታህል የብረት ቱቦ አለች። በቱቦዋ ጫፍና ጫፍ ዘይቱን አምቀው የሚይዙ ሁለት ትንንሽ ላስቲኮች ተሰክተዋል፤ መካኒኮቹ ጎሚኒ የሚሏቸው እነዚህን ነው። ሾፌሩ ሲረግጥ ዘይቱ ጎሚኒውን፣ ጎሚኒው ሸራውን ይገፋል፤ ሸራው ታምቡሩን ከውስጥ ወጥሮ ይይዛል። የስንት ቤተሰብ ነፍስ የተንጠለጠለው የአንድ ብር ሳንቲም በማታህል ላስቲክ ላይ ነው።

መጀመሪያ የፈሰሰ ጊዜ ምክንያቱ አላስቸገረም። የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ባጥለቀለቀ ጊዜ ሚኒባሷ ውሃውን ሰንጥቃ አልፋ ነበርና ታምቡሩ ጭቃ ጠጥቶ፣ አሮጌዎቹ ጎሚኒዎች ተበልተው ተገኙ። የግራውንም የቀኙንም በአዲስ ቀየረ። ቀኙን ከምሳ በፊት፣ ግራውን ከምሳ በኋላ ገጠመ። ቁልቁለቱን ራሱ ነድቶ ሞከረ። ደህና ነበር።

አሁን ታምቡሩን ሲያወልቅ ሸራው ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ጎሚኒዎቹን በካቻቢቴ ጫፍ አወጣቸው። ውሃ ውስጥ እንዳደረ ሽምብራ አብጠዋል፤ በጣቱ ሲጫናቸው ልፍስፍስ ይላሉ። የቀኙን ፈትቶ አየ፤ ደረቅ ነው፤ ጎሚኒው እንደተገዛ አለ። ቱቦዋን ወደ ፀሐይ አዙሮ ውስጧን ተመለከተ፤ አንድ ጭረት የላትም።

ጥላው ሥር አሮጌ ጎማ ላይ የተቀመጡት አባቱ፣ አባ ገብረማርያም፣ ምን ልያዝልህ አሉት። እንግዳው ቀና ሳይል፣ ይረፉ አባየ አላቸው። በየቀኑ ይጠይቃሉ፤ በየቀኑ ይረፉ ይባላሉ። ከገጠራቸው ከቁሐር ሚካኤል የመጡት በነሐሴ፣ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆኖ ሳለ ነው። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ሩዙን የሚያርሰው አማቻቸው ነው። በደኅናው ዘመን የእሳቸው ሞያ ምራን ነበር፤ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር። አባ ገብረማርያም ያለፉት ምራን በእርሻ መሐል ተበጥሶ አያውቅም እየተባለ ከሦስት ቀበሌ ቆዳ ይዘውላቸው ይመጡ ነበር። አሁን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የልጃቸውን እጅ ሲያዩ ይውላሉ።

እንግዳው ያበጡትን ጎሚኒዎች በጨርቅ ጠቅልሎ በቀጥታ ወደ ቱርኪያ ሱቅ ሄደ። ቱርኪያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የመለዋወጫ ሱቁን ብቻዋን የያዘች ሴት ናት። የሩዝ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ ቀበቶ ሲመርጡ፣ አንድ የባጃጅ ልጅ የሞተር ሻማ ሲያስለካ ደረሰ። ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው።

«ይህ ዕቃሽ ቤተሰብ ሊጨርስ ነበር» አላት፤ ድምፁ ከሱቁ አልፎ መንገድ ወጣ። ፎርጂድ እያመጣሽ ሰው ታስፈጂያለሽ፣ አምኜሽ ነው ስሜ የጠፋው፣ ሌላም ሌላም አለ። ቀበቶ የያዙት ገበሬዎች ቀበቶውን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። ይህን ቱርኪያ አየች፤ እሱ አላየም።

ጎሚኒውን አንሥታ በጥፍሯ ጫን አደረገችው፤ ወደ አፍንጫዋም አስጠጋችው። ከዚሁ ካርቶን ሰባት ሰው እንደወሰደ፣ አንድም እንዳልተመለሰ ነገረችው። የቀኙስ ከየት የተገዛ ነው ብላ ጠየቀችው። ከዚሁ ካርቶን ነበር። እንግዳው ያ ዕድል ነው አለ። ሰው ሲናደድ ሂሳቡ ላይ ዕድልን ይጨምርበታል።

ቱርኪያ ከሌላ ካርቶን አዲስ ጎሚኒና ሸራ አውጥታ ሰጠችው። «ይኸው ውሰድ። ይህም ካፈሰሰ ግን የእኔን ዕቃ ተወውና እጅህን መርምር» አለችው። የባጃጁ ልጅ ሳቀ።

ጋራዡ ተመልሶ ቱቦዋን አጠበ፣ አደረቀ፤ አዲሶቹን ጎሚኒዎች ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደራቸውና እንደ ልማዱ ወደ ምሳ ሄደ። አባቱ ቀሩ። ወሩ የጽጌ ጾም ነው፤ ይህን ጾም የሚጾመው የፈቀደ ብቻ ነው፤ አባ ገብረማርያም ፈቅደው ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዘውታል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። እንግዳው አልፈቀደም።

ምግብ ቤቱ ሁለት እርምጃ ነው። ሽሮው ቀረበለት፤ አንድ ጎረሰና ተወው። እጅህን መርምር ያለችው ነገር ከጆሮው አልወጣም። መዳፉን ገልብጦ አየው። በሳሙና የታጠበ፣ ከየጥፍሩ ሥር ጥቁር የማይለቀው፣ የሠራተኛ እጅ ነው። ምን ያደርጋል ይህ እጅ? ሂሳቡን ጥሎ ተነሣ።

የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል። ሊገፋው ሲል ቆመ። አባቱ ቦታቸውን ለውጠዋል፤ ከሚኒባሷ አጠገብ፣ ንጹሑ ጨርቅ ካለበት ተቀምጠዋል። በግራ እጃቸው ትንሽ የከብት ቀንድ ይዘዋል፤ ቀንዷን እንግዳው ከልጅነቱ ያውቃታል፤ ለምራን የሚሆን ቅቤ የሚቀመጥባት ናት። ከቀንዷ በአውራ ጣታቸው ዛቅ አድርገው ጎሚኒውን ያሹታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አገላብጠው ያሹታል፤ ዙሪያውን፣ ሥሩን፤ ከዚያ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩትና እንደገና ያሹታል። አፋቸውን ከቅቤ የከለከሉ ሰው ጎሚኒውን ቅቤ እያበሉት ነው።

እንግዳው መጀመሪያ የመጣበት ቁጣ ነው፤ መዋሸት አያስፈልግም። አማን ልጆቹን ይዞ ከአፈሩ ጋር ሲታከክ ታየው። ቅባት የነካው የፍሬን ላስቲክ እንደሚያብጥ፣ እንደሚልም፣ በሳምንትም በዐሥር ቀንም እንደሚከዳ ማንም መካኒክ ያውቃል። በሩን በርግዶ ሊገባ ነበር። ግን እጃቸውን አየ። ሁለት ወር ሙሉ ጭን ላይ ተጋድመው የዋሉት እጆች አሁን ሥራ አግኝተዋል። ልጅ ሳለ ከአልጋው ሆኖ ያያቸው የነበሩት እጆች ናቸው፤ ቅቤ ያላየ ምራን ከበሬው ቀድሞ ይደክማል እያሉ የሚያለፉት። አንጀቱን በሉት። ደረቅ ላስቲክ አዩ፤ የልጃቸው ሥራ እንዳይሰነጠቅ ሰጉ፤ የሚያውቁትን አደረጉ። የጠየቁትን ሥራ ቢሰጣቸው ኖሮ ይህን ሥራ ባልፈለጉ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለካ ለእሱ ነው።

ሳል አሰማና ገባ። አባቱ ቀንዷን እንደ ሕፃን ልጅ ጋቢያቸው ውስጥ ደበቋት። እንግዳው ያልተመለከተ መስሎ የሚያብረቀርቁትን ጎሚኒዎች ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፤ የረሳሁት ዕቃ አለ ብሎ ወጣ።

ቱርኪያ ሱቅ አንድ ሰው ነበር። እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ተጠግቶ፣ ከእጄ ነው፣ ቅባት ነክቶት ነው፣ ሌላ ስጪኝ አላት። ቱርኪያ ጎሚኒውን አሸተተችና ቀና ብላ አየችው። «የአንተ እጅ ቅቤ ቅቤ ይላል እንዴ?» አለች። መልሱን ሳትጠብቅ ሌላ አወጣችለት። እየጮኸ የገባው ሰውዬ በሹክሹክታ ወጣ። መንገድ ላይ ጥሩ ሰው የሆነ መሰለው፤ የአባቱን ነውር በራሱ ላይ ወስዷልና።

ሲመለስ አማን ከአባ ገብረማርያም ጎን ተቀምጦ አገኘው። ምን ሆኖ ነው ያፈሰሰው ብሎ ጠየቀ። እንግዳው አዲሱን ጎሚኒ ጨርቁ ላይ እያስቀመጠ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳልታጠብ በቅባት እጅ ገጥሜው ነው አለ።

አማን ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው?» አለ። «እንግዲህ እንግዳው፣ አትቀየመኝ። መኪናውን አስጎትቼ ባሕር ዳር እወስደዋለሁ። ትናንት ልጆቼ ከኋላ ነበሩ።»

ይህ ስድብ አይደለም፤ ስድብ ቢሆን ይቀላል። አማን አንድ ነገር ካለ የወረታ ሾፌር ሁሉ ይከተለዋል። እንግዳው አንገቱን ደፋ።

«ቅባት ምን ያደርገዋል?» አሉ አባ ገብረማርያም።

ማንም አልጠበቃቸውም። እንግዳው ዘወር ብሎ አያቸው። «ላስቲኩን ያሳብጠዋል አባየ። ይልምና ያፈሳል።»

«ቅቤም?»

ወደ ጎማው ሊዞር ሞከረ፤ ዐይናቸው አልለቀውም። «ቅቤም አባየ።»

ሽማግሌው ነገሩን እንደ መድኃኒት ቀስ ብለው ዋጡት። ከዚያ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሰደው ቀንዷን አወጡና አማን ፊት፣ መፍቻዎቹ በተደረደሩበት ጣውላ ላይ አስቀመጧት።

«የእሱ እጅ አይደለም» አሉት። «ያን ጊዜም፣ ዛሬም እኔ ነኝ። ደርቆ ሳየው ይሰነጠቅበታል ብዬ ነው። ልጆችህን ልገድልብህ ነበር።»

አማን ቀንዷን አየ፣ ሰውየውን አየ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም። በእኛ አገር ምራን ያሰረ ሰው የመጀመሪያውን ትልም ራሱ ያርስበታል፤ ነገ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ፊት ወንበር ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው አሉት። አማን ለመኪና ጎታች ሊደውል ይዞት የነበረውን ስልክ ኪሱ መለሰ።

ከዚያ እንግዳው ከብዙ ጊዜ በፊት ሊለው የሚገባውን አለ። «አባየ፣ ይርዱኝ።»

እጃቸውን ሁለት ጊዜ በሳሙና አስታጠባቸው፤ ሦስተኛውን ራሳቸው ጨመሩ። የፍሬን ዘይት በትንሽ ሳህን ቀዳላቸው። ምራን ቅቤ ይወዳል፣ ይህ ደግሞ የራሱን ዘይት ነው የሚወድ አላቸው። አባ ገብረማርያም ጎሚኒውን ዘይቱ ውስጥ ነክረው፣ ጠርዙ ሳይታጠፍ፣ በጣታቸው ጫፍ እየገፉ ቱቦዋ ውስጥ አስገቡት። እንግዳው ከዚያ የተሻለ አያስገባውም ነበር። አዲሱን ሸራ ገጠመ፣ ሞላዎቹን ሳበ፣ ታምቡሩን ከደነ።

የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ላይ ሆኖ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ታች ሆኖ ትንሿን ቡሎን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። እስከ ዛሬ ያገኘውን አላፊ አግዳሚ ይለምን ነበር። አሁን አባቱን ደግፎ የሾፌሩ ወንበር ላይ አወጣቸው፤ ደህናው እግራቸው ቀኙ ነው። ራሱ መኪናው ሥር ገባ።

«ይርገጡ» አለ ከታች። «ይያዙ።» ከቱቦው አረፋ ወጣ፤ ዘጋው። «ይልቀቁ።» እንደገና፤ እንደገና። እሱ ልጅ ሆኖ በበሬዎቹ ፊት ሲሄድ ትእዛዙ ከኋላ የሚመጣው ከእሳቸው ነበር። አረፋው አነሰ፤ በመጨረሻ ጥርት ያለ ዘይት ብቻ መጣ። ቡሎኗን አጠበቀ።

«ይልቀቁ አባየ» አለ። አልለቀቁም። እንደገና ተጣራ።

«አልለቅም» አሉ ከላይ፤ ድምፃቸው ከብዷል። «መጀመሪያ እየው። ይንጠባጠባል?»

እንግዳው በጨርቅ ጠርጎ በጣቱ ዙሪያውን ዳበሰ። ጠበቀ። እንደገና ዳበሰ። «አይንጠባጠብም አባየ።»

«ደህና አድርገህ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

ያን ጊዜ እግራቸውን አነሡ። እንግዳው ከሥር ወዲያው አልወጣም፤ ዐይኑን የሚጠርግበት ንጹሕ ነገር አጥቶ ነው።

ማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። በማለዳ ባዶዋን ሚኒባስ ይዘው ከአለምበር በላይ ወጡ፤ አማን ይነዳል፣ አባ ገብረማርያም ከፊት፣ እንግዳው ከኋላ። ቁልቁለቱ ላይ አማን ስድስት ጊዜ ፍሬን ያዘ፤ ስድስቱንም ጊዜ መኪናዋ ቀጥ አለች። ሽማግሌው በቀኝ እግራቸው አብረውት ይረግጡ ነበር። ታች ወርደው ጎማው ሲታይ ደረቅ ነው። አማን ከነገ ጀምሮ ሰው እጭናለሁ አለ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ይህም በቃ።

ወረታ ሲገቡ አባ ገብረማርያም የዕቃዋ ሴትዮ ሱቅ አቁሙልኝ አሉ። የእንግዳው ጩኸት ከተማውን አዳርሶ ስለነበር፣ ትናንት አማን ነገሩን ሁሉ አጫውቷቸው ነበር። ገበያው ሞልቷል፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ገበሬው ተደርድሯል። በምርኩዝ ወርደው፣ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ባንኮኒው ጋ ደረሱ፤ ትናንት ልጃቸው ያማረረበት ዕቃ ምንም እንከን እንደሌለው፣ ያበላሹት እሳቸው እንደሆኑ፣ በቅቤ እንዳሹት ለሁሉም ተናገሩ። አንዳንዱ ሳቀ። ይሳቅ ብለው ቀጠሉ። ከዚያ ቀንዷን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«ለጎሚኒ አይሆንም ብለውኛል» አሏት። «ለሰው ግን ይሆናል። የላም ቅቤ ነው፣ ከቁሐር።»

ቱርኪያ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። «እርስዎ ምን በደሉኝ አባቴ?» አለች። «እርስዎ ድምፅ አላሰሙም። እዚህ ቆሞ የጮኸው ሌላ ሰው ነው።»

አባ ገብረማርያም ዘወር አሉ። እንግዳው በሩ ጋ ቆሟል። ከትናንት ጀምሮ ራሱን እንደ ደግ ሰው ሲቆጥር ነበር፤ አሁን ግን ጥፋቱን ያመነው ሱቁ ባዶ እስኪሆን ጠብቆ፣ በሹክሹክታ መሆኑ ትዝ አለው። ስሟን ያጠፋው ደግሞ በአደባባይ ነው። ፊቱ ጋለ። ዝቅ ባለ ድምፅ ሊጀምር አለና አባቱ እያዩት እንደሆነ ሲያይ ተወው።

«የቱርኪያ ዕቃ ደህና ነው» አለ፤ ትናንት በጮኸበት ድምፅ ልክ፣ መንገዱ እስኪሰማ። «ሳላጣራ ስሟን ያጠፋሁ እኔ እንግዳው ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ከገበሬዎቹ አንዱ ትናንት መልሶ ያስቀመጠውን የፓምፕ ቀበቶ አነሣና ዋጋውን ጠየቀ። ቱርኪያ ነገረችው። ከዚያ ቀንዷን አንሥታ መደርደሪያው ላይ፣ ከጎሚኒዎቹ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻት።